ስላልተነፋው ፊሽካ

እኔ የምኖረው በብዕር ነው። በፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ በእነዚህም ዓመታት ባለጉዳዮች የተናገሩትን፥ ምስክሮች የማሉበትን፥ ዳኞች የፈረዱትን ቃል ስጽፍ ኖርሁ እንጂ ከራሴ አንድ የፍርድ ቃል ጨምሬ አላውቅም። የጸሐፊ ክብሩም ይኸው ነው፤ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያሰፍራል። ነገር ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ፊሽካ በአንገቴ አንጠለጥልና በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሜዳ የወጣቶችን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ እዳኛለሁ። እንግዲህ ከሳምንቱ ውስጥ እኔ ፈራጅ የምሆነው በዚያች አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ ዛሬ የምጽፈውም በዚያች ሰዓት ስለ ሠራሁት ስሕተት ነው።

ይህን ጨዋታ ለማያዘወትሩ አንባቢዎች አስቀድሜ ጥቂት ልናገር። ቅርጫት ኳስን ያወጣው በካናዳ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተምር የነበረው ጄምስ ኔይስሚዝ ነው። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1891፥ እንደ እኛ አቈጣጠር 1884 ዓ.ም. ነበር። በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኘው የወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት 18 ተማሪዎች ነበሩት፤ ብርዱ ከሜዳ ስለ ከለከላቸው በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱትን ነገር ሲፈልግ ይህን አሰበ። አንድ የእግር ኳስ አምጥቶ፥ ሁለት የኮክ መያዣ ቅርጫቶች በሰገነቱ ግራና ቀኝ አስቸንክሮ፥ 13 አንቀጽ ሕግ ጻፈ። ዋናው ጭንቀቱም ወጣቶቹ በጠባብ አዳራሽና በጠንካራ ወለል ላይ ሲጋፉ እንዳይሰበሩ ነበር። ስለዚህ ኳስ የያዘ ሰው ይዞ እንዳይሮጥ ከለከለ፤ የማይሮጠውን ሰው ጠልፎ መጣል አያስፈልግምና። ቅርጫቱንም ከወለሉ 3 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ ኳሱ በጕልበት ሳይሆን በልክ ይወረወር ዘንድ። በአምስተኛው አንቀጽ በትከሻ መግጨትን፥ መያዝን፥ መግፋትን፥ መጥለፍንና መምታትን ከለከለ፤ ሆን ብሎ ለመጕዳት ያሰበውም ያለ ተተኪ ከጨዋታው እንዲወጣ አዘዘ።

ይህን ያነበበ ሰው፥ «እንግዲያስ ንክኪ ሁሉ ጥፋት ነው» ሊል ይችላል። እኔም ዳኝነት በጀመርሁበት ዓመት እንዲሁ መስሎኝ ነበር። ትከሻ ትከሻን በነካ፥ ክንድ ክንድን በዳሰሰ ቍጥር እነፋ ነበር። ልጆቹ ሦስት እርምጃ ሳይሮጡ ይቆማሉ፤ ተመልካቹ ያዛጋል፤ ጨዋታውም እንደ ተቀጠረ ነገር ሳይቋጭ ይውላል። በዚያን ጊዜ በቄስ ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ የኔታ ትዝ አሉኝ። ንባቡን ጨርሼ እኔ ዐዋቂ ነኝ ባልሁ ጊዜ፥ «ገና በሩ ላይ ነህ፤ ትርጓሜው በውስጥ ነው» ይሉኝ ነበር። ሕጉን ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ ምን ሊጠብቅ እንደ ተጻፈ ማወቅ ሌላ ነገር ነው።

ዛሬ ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን የሚያወጣው ሕግ ዳኛው ንክኪን ሲመለከት የሚመዝነውን ነገር ለይቶ ያስቀምጥለታል። የሕጉን መንፈስና ዓላማ ማሰብ፥ ከንክኪው ማን እንደ ተጠቀመና ማን እንደ ተጐዳ ዘወትር በአንድ ሚዛን ማየት፥ በማስተዋል መፍረድ፥ ጨዋታውን በመግዛትና ጨዋታውን በማስኬድ መካከልም ልክን መጠበቅ ይገባዋል። ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ኳስ እያነጠረ ወደ ቅርጫቱ የሚገሠግሠውን ልጅ ተከላካዩ በክንዱ ጫፍ ቢነካው፥ ልጁም ሳይደናቀፍ ቢያልፍ፥ መንፋት አይገባም። ዳኛው ቢነፋ የተነካውን የረዳ ይመስለዋል እንጂ የተከፈተለትን መንገድ ይዘጋበታል፤ ጥቅሙንም ለነኪው አሳልፎ ይሰጣል። ያው ንክኪ ግን፥ ከዚያ የቀለለ እንኳ ቢሆን፥ ሊወረውር እጁን ያነሣውን ልጅ ክርኑ ላይ ቢያገኘውና ኳሱን አቅጣጫ ቢያስተው ጥፋት ነው። ስለዚህ የሚመዘነው የንክኪው ብርታት ሳይሆን ንክኪው የወሰደው ነገር ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ብርቱ ግጭት ይሆንና ሁለት ልጆች በወለሉ ላይ ይዘረጋሉ፤ ተመልካቹም ይጮኻል። ዳኛው ግን «ማን ወደቀ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ስፍራውን አስቀድሞ የያዘው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። ተከላካዩ ፊቱን ወደ ባለኳሱ አዙሮ፥ ሁለት እግሮቹን በመሬት ተክሎ አስቀድሞ ከቆመ፥ ባለኳሱም መጥቶ ደረቱን ከገጨው፥ ጥፋተኛው ባለኳሱ ነው። ተከላካዩ እጆቹን አንሥቶ በቆመበት ስፍራ ቀጥ ብሎ ቢዘልም ከበላዩ ያለው አየር እንደ ርስቱ ነው፤ በርስቱ የገባበት ይጠየቃል እንጂ እርሱ አይጠየቅም። ሳይነኩት ጮኾ የሚወድቅም አለ፤ ይህ በእኛ ችሎት በሐሰት እንደሚምል ምስክር ያለ ነው።

በዚህ ሁሉ ምክንያት መልካም ዳኛ ንክኪውን ካየ በኋላ ግማሽ እስትንፋስ ያህል ይታገሣል፤ ፍጻሜውን አይቶ ይፈርዳል። በመጀመሪያው ደቂቃ የነፋበትንም ንክኪ በመጨረሻው ደቂቃ አይተወውም፤ ልጆቹ የቀኑን ሕግ የሚማሩት ከመጀመሪያዎቹ ፊሽካዎች ነውና። በአገራችን ቀድሞ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ» ብሎ ሲጮኽ መንገደኛው ሁሉ ይቆም እንደ ነበረ፥ ፊሽካም እንዲሁ ያቆማል። ይህን ቃል በከንቱ የሚያበዛ ሰው ሰሚ ያጣል፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት ዝም የሚል ደግሞ ከዚያ የከፋ በደል ይሠራል። የእኔም በደል ይህ ሁለተኛው ነበር።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር የበኵር ልጄ የሚጫወትበት ቡድን ከሌላ ትምህርት ቤት ቡድን ጋራ ለመጋጠም ተቀጠረ። ሁለተኛው ዳኛ በመታመሙ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። በፍርድ ቤት ዳኛው ለተከራካሪው የሥጋ ዘመድ ሲሆን ከችሎቱ እንደሚነሣ ዐውቃለሁና ወደ እንግዳው ቡድን አሠልጣኝ ሄጄ፥ «ያ ባለ ሰባት ቍጥር ልጄ ነው፤ ባልዳኝ ይሻላል» አልሁት። እርሱም፥ «ልጆቹ ከሩቅ መጥተው ሳይጫወቱ ይመለሱን? እርስዎን እናውቅዎታለን፤ ይዳኙ» አለኝ። ደስ አለኝ። ያ ደስታ ወጥመድ እንደ ነበረ የገባኝ ኋላ ነው።

ጨዋታው ገና ሳይጋመስ በልጄ ላይ ሦስት ጥፋት ቈጠርሁበት። አንድ ተጫዋች አምስት ጥፋት ከሞላበት ከሜዳ ይወጣል። አሁን ሳስበው ከሦስቱ ሁለቱ በሌላ ልጅ ላይ ቢሆኑ የማልነፋባቸው ቀላል ንክኪዎች ነበሩ። ነገር ግን በነፋሁ ቍጥር የእንግዶቹ አሠልጣኝ ራሱን በአክብሮት ነቅነቅ ሲያደርግ አይ ነበርና ልቤ ይሞቅ ነበር።

በአራተኛው ሩብ፥ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፥ የልጄ ቡድን በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር። ልጄ ኳሱን ይዞ ዘለለና ወረወረ። ተከላካዩ ዘግይቶ ደረሰ፤ ዘግይቶም ልጄ በሚያርፍበት ስፍራ እግሩን አስገባ። ይህን ሁሉ ግልጥ አድርጌ አየሁ። ፊሽካው በከንፈሮቼ መካከል ነበር። በዚያች ግማሽ እስትንፋስ ውስጥ ያሰብሁት ግን ስለ ንክኪው አልነበረም፤ «አሁን ብነፋ ሁለት የቅጣት ውርወራ ነው፤ አባት ለልጁ ድል ሰጠው ይሉኛል» ብዬ አሰብሁ። እኔ ይህን ሳስብ ልጄ በሌላው ልጅ እግር ላይ ዐረፈ፤ ቍርጭምጭሚቱ ታጠፈና በግራ እጁ ላይ ወደቀ። ኳሱ ቀለበቱን መትቶ ተመለሰ፤ እንግዶቹ አንሥተው ሮጡና አገቡ። የነፋሁት ከዚያ በኋላ ልጁ ከወደቀበት ባለ መነሣቱ ነው። የእጁ አንጓ ተሰብሮ ነበር።

ማታ ከሕክምና ተመልሰን፥ እጁም በጄሶ ታሽጎ ከተኛ በኋላ፥ ባለቤቴ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ሜዳው ዳር ቆማ ጨዋታውን አይታ ነበር። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለችኝ፤ «የሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ ትነፋ ነበርን?» ብዙ ዝም ካልሁ በኋላ፥ «እነፋ ነበር» አልኋት። «እንግዲያስ ልጄ የተበደለው ያንተ ልጅ በመሆኑ ነው» አለችና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። በቍጣ ብትናገረኝ ይቀለኝ ነበር።

ሌሊቱን ሳልተኛ ዐደርሁ። እስከዚያች ቀን ድረስ አድልዎ ማለት ለወገን መፍረድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ጉቦም ማለት ገንዘብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በዚያች ሌሊት ግን የኔን ጉቦ ዐወቅሁት፤ የዚያ አሠልጣኝ ራስ መነቅነቅ ነበር። ትክክለኛ ሰው ነው እንዲሉኝ ብዬ የልጄን መብት ከፍዬበታለሁ። ስሙ በቋንቋችን የታወቀ ነው፤ ይሉኝታ ይባላል።

ደግሞም የዳኝነቱን ሕግ እንደ ገና መረመርሁ። ትዕግሥት መልካም የሆነው በመሬት ላይ ላለ ሰው ነው፤ በእግሩ የቆመ ሰው ቢነኩት ይመክታል፥ ዞር ይላል፥ ያልፋል። በአየር ላይ ያለ ሰው ግን ራሱን ሊያድን አይችልም። ስለዚህ ሕጉ፥ ከአንድ ስፍራ የዘለለ ተጫዋች በዚያው ስፍራ፥ ወይም በዘለለ ጊዜ ባዶ በነበረ ሌላ ስፍራ የማረፍ መብት አለው ይላል። ዘሎ የወረወረ ሰውም ኳሱ ከእጁ ቢወጣም እንኳ ሁለት እግሮቹ መሬት እስኪነኩ ድረስ ገና እንደሚወረውር ሆኖ ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ «ማን ተጠቀመ?» እያሉ ማመዛዘን የለም፤ የሚያርፍበትን ስፍራ የነሣው ሰው ወዲያውኑ ይጠየቃል። ያን ቀን ከሕጉ ሁሉ ይልቅ ግልጡ በፊቴ ነበር።

በማግሥቱ ከልጄ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ጄሶውን እያየ፥ «አባባ፥ እኔን ያሳዘነኝ እጄ አይደለም» አለኝ፤ «ወድቄ ቀና ስል ፊሽካው በአፍህ ውስጥ ነበር።» የምመልስለት ቃል አልነበረኝም። «አይተህ ነበር?» አለኝ። «አይቼ ነበር» አልሁት። ሌላ አልጠየቀኝም።

ለእንግዳው ቡድን አሠልጣኝም ደብዳቤ ጽፌ የሆነውን ሳልሸሽግ ነገርሁት። ፊሽካውን ለዘለዓለም ልተወው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በድሎ መሸሽ ካሣ አይሆንም። ይልቁንስ ከሦስት ሳምንት በኋላ፥ ልጄ በማይሰለፍበት ጨዋታ፥ ወደ ሜዳው ተመለስሁ። የመዝገቡን ጠረጴዛ የሚይዝ ሰው ተፈልጎ ነበርና ልጄ፥ «ቀኝ እጄ ደኅና ነው፤ እኔ እጽፋለሁ» ብሎ ተቀመጠ። እንግዲህ አባት ፈራጅ፥ ልጅ ጸሐፊ ሆንን።

በሁለተኛው ሩብ የልጄ የክፍል ጓደኛ፥ ሊወረውር ከዘለለ የእንግዳ ቡድን ልጅ በታች ገባ። እንግዳው ልጅ ተንገዳግዶ በደኅና ቆመ፤ ኳሱ ግን አልገባም። እኔ ግን ከመቆሙ በፊት ነፍቼ ጭብጥ እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ነበር። ወደ ጠረጴዛው ቀርቤ የጥፋተኛውን ቍጥር በጣቶቼ አሳየሁ፤ ሁለት የቅጣት ውርወራም አዘዝሁ። ከእኛ ወገን ተመልካቾች አጕረመረሙ። ልጄ ቀና ብሎ አንድ ጊዜ አየኝና አጐንብሶ ጻፈ። እኔ ጸሐፊ ነኝና፥ ጸሐፊ ባመነበት ፍርድ ላይ ብዕሩን እንዴት እንደሚያሳርፍ ዐውቃለሁ።

ልጄ ድኖ ወደ ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ እርሱ ባለበት ጨዋታ አልዳኝም። ዳኛ ቢታጣና ቢለምኑኝም፥ «ጨዋታው ለሌላ ቀን ይቈይ» እላለሁ። ፍርድ የምትዘገይበት ቀን አለ፤ ለማይገባው ሰው ከምትሰጥ ግን ብትዘገይ ይሻላል።

ልጆች ያላችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ልጃችሁ ከጎረቤት ልጅ ጋራ ተጣልቶ እያለቀሰ ወደ ቤት ሲገባ፥ ጎረቤት ምን ይለኝ ብላችሁ ሳትጠይቁ የራሳችሁን ልጅ የገሠጻችሁበት ቀን እንደ ነበረ አስቡ። እኛ ይህን ጨዋነት እንለዋለን። ይሉኝታ በማዕድ ላይ መልካም ነው፤ እንግዳውን አስቀድሞ ያጐርሳልና። በፍርድ ላይ ሲቀመጥ ግን የሚያጐርሰው ከልጁ አፍ ነጥቆ ነው። ስለዚህ በቤታችሁ ስትፈርዱ የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳይሆን ምን እንደ ተወሰደበት ጠይቁ፤ ከሁሉም አስቀድማችሁ ግን እግሩ ገና መሬት ያልነካውን ልጅ ተመልከቱ።