የሚጫርና የሚሰበር

ሰዓት በእጁ የሚያስር ሰው ሁሉ በቀን አያሌ ጊዜ የሚመለከተው፣ ነገር ግን ከቶ የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሰዓቱ መስታወት ነው። ዓይን በእርሱ ውስጥ አልፎ ወደ ቁጥሮቹና ወደ ዘንጎቹ ይሄዳል እንጂ በእርሱ ላይ አያርፍም። መኖሩ የሚታወቀው ሲጫር፣ ሲደበዝዝ ወይም ሲሰነጠቅ ነው።

አንዲት መምህርት የሟች አባቷን የእጅ ሰዓት ይዛ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ ሰዓት ጠጋኝ የሄደችው በዚሁ በመስታወት ምክንያት ነበር። ሰዓቱ በእጅ የሚሞላ፣ የቆዳ ማሰሪያው ያለቀ፣ ዕድሜው ከእርሷ ዕድሜ የሚበልጥ ነው። አባትየውም መምህር ነበሩ። የብዙ ዓመት ጭረት በመስታወቱ ላይ ተጠራቅሞ ቁጥሮቹን እንደ ጉም ሸፍኗቸዋል፤ በጠርዙ በኩልም አንድ ስንጥቅ ገብቶ አቧራና እርጥበት ማስገባት ጀምሯል።

አባትየው በመጨረሻ ዓመቶቻቸው ሰዓቱን አስረው እያለ «ስንት ሰዓት ሆነ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ልጅቱ ይህን የእርጅና ዝንጋታ አድርጋ ቈጥራው ኖረች። በኋላ ግን ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ እንደ ጋረዳቸው ታወቀ። ሞራው ተገፍፎ፣ በምትኩ ሌንስ ገብቶላቸው ከሆስፒታል በተመለሱ ሰሞን ክንዳቸውን አንሥተው ተመለከቱና፣ «ሞራው ከዓይኔ ወጣ፣ ከሰዓቴ ግን አልወጣም» ብለው ሳቁ። ልጅቱም በሚመጣው ሳምንት አሠራዋለሁ አለች። ያ ሳምንት ሌላ ሳምንት እየተካው ዓመት አለፈ፤ አባትየውም በደበዘዘው መስታወት ሰዓታቸውን እንደ ፈለጉ ዐረፉ።

ስለዚህ መምህርቷ ገና ከቤቷ ሳትወጣ ወስና ነበር። የፈለገውን ያህል ቢያስከፍል ሰንፔር ይገባለት አለች። ለዘገየ ዕዳ ከዚያ ያነሰ ክፍያ የሚበቃ አልመሰላትም።

ሽማግሌው ባለሙያ ማጉያ መነጽራቸውን ከዓይናቸው ሳያወርዱ ሰዓቱን አገላብጠው ተመለከቱት።

«ሰንፔር አለ ልጄ። ነገር ግን ይህ ሰዓት ከፋብሪካው ሲወጣ የለበሰው ፕላስቲክ ነው» አሏት።

«ፕላስቲክ? አባባ ዕድሜውን ሁሉ ያሰረው ፕላስቲክ ነው ማለት ነው ጋሼ?»

በድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ ነበረበት። ፕላስቲክ በየዕለቱ አነጋገራችን የርካሽና የሚጣል ነገር ስም ሆኗልና አይፈረድባትም።

የእጅ ሰዓት መስታወት በዋናነት ከሦስት ዓይነት ቁስ ይሠራል። የመጀመሪያው አክሪሊክ የሚባለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት ለገበያ ቀርቦ በጀርመን ፕሌክሲግላስ፣ በእንግሊዝ ፐርስፔክስ ተባለ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የጦር አውሮፕላን አብራሪዎች የሚቀመጡበትን ክፍል ሸፍኖ አገለገለ። ሁለተኛው ከአሸዋ ቀልጦ የሚሠራው ተራ መስታወት ነው፤ ለሰዓት ሲሆን በሙቀት ወይም በኬሚካል እንዲጠነክር ይደረጋል። ሦስተኛው ሰንፔር ነው። ይህም ሰንፔር ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣ አይደለም፤ በፋብሪካ ይበቅላል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኦጉስት ቬርኑይ እ.ኤ.አ. በ1902 ይፋ ባደረገው ዘዴ፣ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚግል ነበልባል ውስጥ ሲወርድ ይቀልጥና ጥቂት በጥቂት ተከምሮ አንድ ወጥ ድንጋይ ይሆናል። ድንጋዩ በአልማዝ ይቆረጣል፤ በአልማዝ ዱቄትም ይለሰልሳል። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ የሚለው ስለዚህ ነው። የስዊሱ ራዶ እ.ኤ.አ. በ1962 ዲያስታር የተባለውን ሰዓት በሰንፔር ሸፍኖ የማይጫር ብሎ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ፣ ሰንፔር የክብር ምልክት እየሆነ መጥቷል።

ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞህስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው የማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10 ነው። ሰንፔር 9፣ መስታወት ከ5 እስከ 6፣ አክሪሊክ 3 ገደማ ይሆናሉ። የእነዚህ ቁጥሮች ትርጉም የሚገለጠው ከአንድ ሌላ ቁጥር ጋር ሲተያዩ ነው። ኳርትዝ የተባለው ማዕድን በዚሁ መለኪያ 7 ሲሆን፣ በአሸዋ፣ በመንገድ አቧራና በኮንክሪት ግድግዳ ውስጥ ይገኛል። ከእርሱ የላላውን ሁሉ ይጭራል፤ ሰንፔርን ግን አይደፍርም።

መምህርቷ በአባቷ ሰዓት ላይ ያለውን ጭረት ሁሉ የጠመኔ ሥራ አድርጋ ታስብ ነበር። ይህን ስትናገር ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠመኔ ለስላሳ ነው፣ ይህን አያደርግም። የጫረው የመንገዱ አቧራና የግድግዳው አሸዋ ነው።»

«እንግዲያው ሰንፔሩ ይሻላላ ጋሼ!»

ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ የሰዓቱን የጀርባ ክዳን ከፈቱና ማጉያውን ሰጧት። በሚሽከረከሩት ትንንሽ ጥርሳም መንኰራኩሮች እምብርት ላይ የጤፍ ቅንጣት የሚያህሉ ቀይ ነጥቦች አየች። በሰዓቱ ገጽ ላይ 17 የሚል ቁጥር መጻፉን ታስታውሳለች፤ ትርጉሙን ግን ጠይቃ አታውቅም ነበር።

«እነዚህ ሩቢ ናቸው፤ የሰንፔር እኅት ማለት ነው። አሥራ ሰባቱም እዚሁ ናቸው። የሠሩት ሰዎች ድንጋዩን የሚያኖሩት ፍትጊያ ካለበት ነው። ምት በሚያርፍበት በኩል ግን ፕላስቲክ አደረጉ። ገንዘብ አጥሯቸው ብቻ አይምሰልሽ ልጄ።»

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ የነገሩ ቁልፍ አለ። ጥንካሬ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ፍትጊያን መቋቋም፣ ሌላው ምትን መቻል ነው። ሰንፔር ፍትጊያን እንደ እርሱ የሚቋቋም ጥቂት ነው፤ ነገር ግን መለመጥን አያውቅም። ብርቱ ምት በጠርዙ ካገኘው በአንድ ጊዜ ይፈረካከሳል፤ ስብርባሪውም ወደ ውስጥ ገብቶ ገጹንና መንኰራኩሮቹን ይበላል። አክሪሊክ በየቀኑ ይጫራል፤ ሲመታ ግን ይለመጣል፣ ቢበዛ ይሰነጠቃል። ጥልቅ ያልሆነ ጭረቱም በጥቂት የጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ታሽቶ ይጠፋል። ተራው መስታወት በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ከፕላስቲክ ይልቅ ጭረትን ይችላል፣ ከተጫረ በኋላ ግን በቀላሉ አይታደስም። በብርሃንም በኩል ልዩነት አለ። ሰንፔር ከእያንዳንዱ ገጹ ወደ 8 ከመቶ የሚሆነውን ብርሃን ሲመልስ፣ መስታወትና አክሪሊክ የሚመልሱት ወደ 4 ከመቶ ነው። ስለዚህ ሰንፔር ጸዳል የሚቀንስ ስስ ሽፋን ካልተቀባ በፀሐይ ፊት ቁጥሮቹን ሊደብቅ ይችላል።

የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1965 ለጠፈርተኞቹ የሚሆን ሰዓት ለመምረጥ ሙቀት፣ ቅዝቃዜ፣ ንዝረትና ምት ባለበት ፈተና ውስጥ ልዩ ልዩ ሰዓቶችን አሳለፈ። ከተፈተኑት የአንዱ መስታወት በሙቀት ተጣሞ ወለቀ። ያለፈው ኦሜጋ ስፒድማስተር ሲሆን መስታወቱ አክሪሊክ ነበር። ክብደት በሌለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስብርባሪ ወደ ወለል አይወድቅም፤ እየተንሳፈፈ ዓይንና ሳንባ ይፈልጋል። ስለሆነም የማይበተን ነገር ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1969 ባዝ አልድሪን በጨረቃ ላይ ሲራመድ በክንዱ የነበረው ይኸው ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ አክሪሊክም ፍጹም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 በአፖሎ 15 ጉዞ ዴቪድ ስኮት በጨረቃ ላይ ሁለተኛ መውጫውን ሲፈጽም የሰዓቱ መስታወት ወልቆ ነበርና፣ በሦስተኛው መውጫ ሌላ ሰዓት ለማሰር ተገደደ። ዛሬ ፋብሪካው የዚህኑ ሰዓት ዝርያ በአክሪሊክም በሰንፔርም ያቀርባል፤ ምርጫውን ለገዢው ትቶታል።

ሽማግሌው አንድ ሌላ ነገርም ጨመሩ። የሰዓቱ ቀፎ የተሠራው ጐበጥ ብሎ በራሱ ውጥረት ለሚቀመጥ ፕላስቲክ ስለ ሆነ፣ ወፍራሙን ሰንፔር ለማስገባት የቀፎውን ጠርዝ መፋቅ ያስፈልጋል።

«አሠሪው አንቺ ነሽ፤ ፋቁት ካልሽ እፍቃለሁ። የተፋቀው ግን አይመለስም» አሏት።

መምህርቷ ሰዓቱን እዚያው አስቀምጣ፣ ላስብበት ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በዚያች ሌሊት የአባቷን ወረቀቶች ስታገላብጥ፣ ለዓይን ሕክምናው ከሆስፒታሉ የተሰጣቸውን ካርድ አገኘች። በዓይናቸው ውስጥ የገባው ሌንስ ከምን እንደ ተሠራ በካርዱ ላይ ተጽፏል፤ አክሪሊክ ይላል።

ለዚህ ቃል ከካርዱ በስተጀርባ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በጦርነቱ ዘመን፣ በጥይት ከተመታ የአውሮፕላን መሸፈኛ የተፈናጠረ የአክሪሊክ ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረ አብራሪዎችን ሲመረምር፣ ዓይን ይህን ባዕድ ነገር ታግሦት እንደሚኖር አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1949 በለንደን ከዚሁ ቁስ የተሠራ ሌንስ በአንዲት ሴት ዓይን ውስጥ አኖረ። ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ ተቃውመውት ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ዘዴው በዓለም ተዳርሶ፣ በሞራ የታወሩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሰዎች ብርሃን አዩ። የመምህርቷ አባት ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። የመጨረሻ ዓመታቸውን ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ያዩት፣ እርሷ በቅሬታ ስሙን በጠራችው በዚያ ፕላስቲክ ውስጥ ነው።

በማግስቱ ተመልሳ፣ «እንደ ቀድሞው ይሁን ጋሼ» አለች።

ሽማግሌው አሮጌውን መስታወት በጥንቃቄ ከጠርዙ ፈልቅቀው አነሡት። የአባትየው ዓመታት ሁሉ የተጻፉበት ያ ጉም አብሮ ተነሣ። መምህርቷ እንዳይጣል ስትለምናቸው በብጣሽ ወረቀት ጠቅልለው በእጇ አኖሩላት። አዲሱ ሲገባ ከሥሩ የታየው ገጽ፣ በልጅነቷ አባቷ ሰዓት መቊጠር ያስተማሯት ያ ነጣ ያለ ገጽ ነበር። የተጠየቀችው ዋጋ ልትከፍል ካሰበችው እጅግ ያነሰ ሆነ፤ ዕዳዋ ግን በዚያ ተከፍሎ ያለቀ አልመሰላትም። ሽማግሌው ይህን ያወቁ ይመስል፣ «ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ለሚውል ሰው ሰንፔር እመክራለሁ። ከብረትና ከድንጋይ ጋር ለሚታገል እጅ ግን ይኼን። ዋናው እጁ የት እንደሚውል ማወቅ ነው» እያሉ ሸኙዋት።

ሳምንት ሳይሞላ ሰዓቱ ከክፍሉ ግድግዳ ጋር ተፋተገና የመጀመሪያው ጭረት ከቁጥር አራት በላይ ወጣ። ማታ ልጇ አይቶት የጥርስ ሳሙናና ንጹሕ ጨርቅ ይዞ መጣ። እናትየው ሰዓቱን ፈትታ ሰጠችውና እንዴት እንደሚታሽ ታሳየው ጀመር።