ስለ አንድ የጦር ሲኒማና ስለ እናታችን ዓይን

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ ጾመ ነቢያት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ምሽት ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን አንድ የቆየ የጦር ሲኒማ ተመለከትን። ሲኒማው በ1955 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963) የወጣ ሲሆን ስሙ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ታላቁ ማምለጥ» ይሆናል። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ስለሆነ ልጆቹ ከመካከሉ ሳይደርሱ ያንቀላፋሉ ብለን ገምተን ነበር፤ ግምታችን ሳይሠራ ቀረ። እናታችን እማሆይም እንደ ልማዳቸው በጥግ ካለው መቀመጫቸው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ታላቁ ልጃችን ከአጠገባቸው ሆኖ ይተረጉምላቸው ጀመር። ስለዚያ ምሽት ለመጻፍ የተነሣነው በቤታችን ተሸፍኖ የቆየ አንድ ነገር በዚሁ ሲኒማ ምክንያት ስለተገለጠልን ነው።

ታሪኩ በመሠረቱ የተፈጸመ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች የማረኳቸውን የአየር ኃይል መኮንኖች ያኖሩበት የነበረ አንድ ሰፈር ሳጋን በምትባል ከተማ አጠገብ ነበር፤ ከተማይቱ ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ ትገኛለች። ሰፈሩ የተሠራበት መሬት ከላይ ጠቆር ያለ አፈር ለብሶ ከሥሩ ደማቅ ቢጫ አሸዋ ነበረና፣ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ያወጣው አሸዋ ራሱ ያጋልጠው ነበር። ይህም ሆኖ ሮጀር ቡሼል የሚባል፣ በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በጥብቅና ሥራ ይኖር የነበረ መኮንን፣ በ1943 እ.ኤ.አ. ሦስት ዋሻዎች በአንድ ጊዜ እንዲቆፈሩ አደረገ። ስማቸውንም ቶም፣ ዲክና ሃሪ አሏቸው። ቶም በጠባቂዎቹ ተገኘ፤ ዲክ ቁፋሮው ተቋርጦ ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። ሃሪ ግን ከአንድ ምድጃ ሥር ተጀምሮ 9 ሜትር ያህል ወደ ታች ከወረደ በኋላ 100 ሜትር ያህል ወደ ፊት ሄደ። ስፋቱ ከ60 ሳንቲሜትር የማይበልጥ ስለነበረ ሰው በደረቱ ተኝቶ ካልሆነ በቀር ሊያልፍበት አይችልም። አሸዋው እንዳይናድባቸው በየአልጋቸው ሳንቃ ደገፉት፤ በዕርዳታ ከሚላክላቸው የዱቄት ወተት ጣሳ የአየር መተላለፊያ ቧንቧ ሠሩ፤ የቆፈሩትንም አሸዋ በሱሪያቸው ውስጥ ባንጠለጠሉት ከረጢት እየያዙ በግቢው ሲመላለሱ ጥቂት በጥቂት ይበትኑት ነበር።

መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. (ማርች 24 ቀን 1944) ሌሊት፣ በእኛ ዘንድ ዓቢይ ጾም በነበረበት ወቅት መሆኑ ነው፣ ሃሪ ተከፈተ። ነገር ግን የዋሻው አፍ ከጫካው ሳይደርስ ገላጣ ላይ ወጣ። ሊወጡ የታሰቡት 200 ሰዎች ሲሆኑ 76ቱ ከወጡ በኋላ ጠባቂው አወቀባቸው። ከእነዚህም ሦስቱ ብቻ፣ ሁለት የኖርዌይና አንድ የሆላንድ ሰው፣ ወደ ነጻ ምድር ደረሱ፤ የቀሩት 73ቱ ተያዙ። በ1929 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ በተፈረመው ስምምነት መሠረት ሊያመልጥ ሲል የተያዘ ምርኮኛ ከ30 ቀን እስራት የበለጠ ቅጣት ሊቀበል አይገባውም ነበር። ሂትለር ግን ትእዛዝ ሰጠና 50ዎቹ ተገደሉ፤ ቡሼልም ከእነርሱ አንዱ ነበር። በ1947 እ.ኤ.አ. ከገዳዮቹ ብዙዎቹ በሃምቡርግ ለፍርድ ቀርበዋል።

ጆን ስተርጀስ ያዘጋጀው ሲኒማ ከዚህ እውነት የሚርቅበት ቦታ አለ። በሞተር ብስክሌት የሽቦ አጥር የሚዘልለው አሜሪካዊ ፈጠራ ነው፤ አሜሪካውያኑ ሌሊቱ ሳይደርስ ወደ ሌላ ግቢ ተዛውረው ስለነበር በዚያ ዋሻ የወጣ አሜሪካዊ የለም። ልጆቻችን ይህን ስንነግራቸው አዘኑብን። እኛንስ እውነት ለመናገር ከዚያ ዝላይ ይልቅ የነካን ሌላ ነው። አንድ መኮንን ጓደኞቹን በእንግሊዝኛ ለሚናገራቸው ሁሉ እንዳይመልሱ ሲያስጠነቅቅ ቆይቶ፣ በአውቶቡስ ሲሳፈር አንድ ጀርመናዊ በእንግሊዝኛ ቢመርቀው ሳያስበው በዚያው ቋንቋ አመሰገነና ተያዘ። የገዛ ጨዋነቱ አጠመደው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። ከእስረኞቹ አንዱ ኮሊን የሚባል፣ ለሚያመልጡት ሁሉ የሐሰት የይለፍ ወረቀት የሚሠራ ዝግተኛ ሰው ነው። በዚህ ሥራ ተጫዋቹ ዶናልድ ፕሌዘንስ ነው፤ እርሱም በ1944 እ.ኤ.አ. አይሮፕላኑ ተመትቶ በጀርመን ምርኮኞች ሰፈር የታሰረ የአየር ኃይል ባልደረባ ስለነበር የሚጫወተውን ያውቀዋል። ኮሊን ለሁለት መቶ ሰው ወረቀት ሲያዘጋጅ ዓይኑ እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ጠፋ። ይህን ያወቀው አለቃ፣ ዕውር ሰው ለሌሎቹ አደጋ ይሆናልና ይቅር አለ። ኮሊንም ደኅና አያለሁ በማለት በወለሉ ላይ የወደቀችውን እስፒል ሄዶ አነሣ።

«እስፒሏን አነሣት!» አለ ልጃችን፤ ታናሺቱም «እንዴት አያት?» ብላ ጠየቀች።

«ቀድሞ ራሱ አስቀምጧት ነው፤ እርምጃውን ቆጥሯል» አሉ እማሆይ በቀስታ።

እንዳሉትም ሆነ። አለቃው በመንገዱ ላይ እግሩን ቢዘረጋ ኮሊን ተሰናክሎ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሲኒማውን ማየታችንን አቋርጠን እናታችንን መመልከት ጀመርን። ሐኪሙ ግላኮማ ነው ብሎ ጠብታ ካዘዘላቸው ሦስት ዓመት ሆኖ ነበር፤ በጠየቅናቸው ቁጥር የሚመልሱልን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያለሁ» ነበር። በርጩማው ከቦታው ፈቀቅ ባለ ጊዜ ለምን እንደሚቆጡ፣ የውኃ ኩባያቸው ለምን ምንጊዜም ከአንድ ቦታ እንደማይነቃነቅ ያን ጊዜ ገባን። አንድ ቀን ጠዋት ዳዊታቸውን ገልብጠው ይዘው ሲጸልዩ አይተን፣ በቃላቸው ስለሚያውቁት ነው ብለን አልፈነው ነበር።

ይህ ሁሉ ትዝ ሲለን ያሳፈረን ሌላ ነገር ነበረ። ያን ዓመት ለልደት በዓል ቤተሰባችን በሙሉ ላሊበላ ሄዶ ሊሳለም ተዘጋጅቶ ሳለ፣ እማሆይ ግን ከዘመድ ዘንድ ይቆዩ ብለን በመኝታ ቤታችን በሹክሹክታ ቆርጠን ነበር። ምክንያታችን መልካም ነበር፤ ደረጃው ከዓለት የተፈለፈለና የሚያዳልጥ ነው፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ እርሳቸው አርጅተዋል። በዓይናቸው መጥፋት ምክንያት አልነበረም፤ እርሱንማ አላወቅንም። ሹክሹክታችንን ግን ሰምተውት ኖሯል። ሲኒማው ካለቀና ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጠጋ ብለን ስንጠይቃቸው፣ «ባያይም ይሄዳል የሚለኝ አላገኘሁምና አየሁ አልሁ፤ ዋሽቻለሁ፣ ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ» አሉን።

አለቃውን ልንፈርድበት አልቻልንም። የብዙ ሰው ነፍስ በእጁ ነበረ፤ ሒሳቡም ትክክል ነበር። በጄምስ ጋርነር የተወከለው ሄንድሊ ግን ሲከራከረው ዕውሩ አደጋ አይሆንም አላለም። አንተ ራስህ ከሁላችን ይልቅ የምትፈለግ ነህ፣ አንተን ቅር ያለህ የለም፤ እኔ ከእርሱ ጋር እስካለሁ ድረስ ዕውር አይደለም፣ እኔ እወስደዋለሁ አለው እንጂ። ወሰደውም። ሽባውን ተሸክመው ጣራ ያፈረሱት አራቱ ሰዎች ትዝ አሉን፤ የቤቱ ባለቤት ምን እንዳለ ወንጌላዊው አልጻፈልንም።

ሆኖም ነገሩ እንደ ስብከት ምሳሌ በደኅና አላለቀም። ሁለቱ አንድ ትንሽ አይሮፕላን ሰርቀው ወደ ስዊስ ሲበሩ ሞተሩ ተበላሽቶ ወደቁ፤ ኮሊንም ወታደሮቹ የት እንዳሉ ሳያይ ብድግ ቢል ተመትቶ ሞተ። ልጃችን «ባይወስደው ኖሮ አይሞትም ነበር አይደል?» ብሎ ጠየቀን፤ የምንመልስለት አጣን። ልጁ የጠየቀው ሐሰት አልነበረምና። የሲኒማው መነሻ የሆነውን መጽሐፍ በ1950 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አውስትራልያዊው ፖል ብሪክሂል ራሱ በዚያ ሰፈር እስረኛ ነበር፤ ጠባብ ቦታ ስለሚያስጨንቀው ከዋሻው ወጪዎች አልተቆጠረም፤ በመቅረቱ በሕይወት ኖሮ የ50ዎቹን ታሪክ ጻፈ። ስለዚህ መቅረትም ለበጎ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን ስናወጣና ስናወርድ እማሆይ ከጥጋቸው፣ «ሲሞት ምን አለው?» ብለው ልጁን ጠየቁት።

«ስላወጣኸኝ አመሰግናለሁ አለው።»

«እንግዲያውስ» አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ሁላችንም ሄድን። መንገዱ ቀላል ነበር ብለን አንዋሽም። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ጉልበታቸው ተላጠ፤ ባለቤቴም እኔም ተራ በተራ ስንደግፋቸው ቤተ ማርያም ስንደርስ ካህናቱ በዓለቱ ቅጥር ላይ ቆመው የሚያዜሙት «ቤዛ ኵሉ» ተጋምሶ ነበር። ትልቁ ልጃችን ቀድሞ ሄዶ መስማት እየቻለ ከእኛ ጋር በመዘግየቱ ቅሬታው በፊቱ ይታይ ነበር፤ አልተቆጣነውም።

በማግሥቱ ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚወስደው፣ ሰዎች ሲኦል በሚሉት ጨለማ ዋሻ ስናልፍ፣ መሪያችን መብራት እንዳናበራ ነገረን። ታናሺቱ ልጃችን ፈርታ መግባት እምቢ አለች። እማሆይ የነጠላቸውን ጫፍ ሰጧትና አንድ እጃቸውን በግድግዳው ላይ አድርገው ቀድመው ገቡ፤ እኛም ተከተልናቸው። ከመካከል ስንደርስ ልጅቱ ማልቀስ ስትጀምር እማሆይ ቆም ብለው፣

«ምነው፣ ጨልሟል እንዴ?» አሉ።