የሠርገኞች መንገድ

«ቦሌ አፍንጫህ ሥር ሆኖ ከጎንደር አክሱም በመኪና?» ይሉኛል የገርጂ ጎረቤቶቼ። አውሮፕላን ከተሞቹን ያደርሳል፤ መካከሉን ግን ይዘላል። እናቴ ጎንደሬ፣ አባቴ አክሱማዊ ናቸውና እኔ የምሻው መካከሉን ነው።

ዕቅዴ ይኸው፦ ማለዳ ከፋሲል ግንብ ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደባርቅ፤ ምሳ እዚያ። ቀጥሎ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከገደል ፈልፍሎ ያወጣው ሊማሊሞ፤ ጥምዝ በጥምዝ ቁልቁል፣ በስተቀኝ የሰሜን ተራሮች። ከዚያ አዲ አርቃይ፣ ተከዜ፣ ሽሬ፤ በመጨረሻ ሐውልቶቹ።

በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ይህ የመንገደኛ ጎዳና የወታደር ሆነ። የ2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ያን ጦርነት ቢያስቆምም፣ የአካባቢው የይገባኛል ጥያቄ አልተቋጨም። ስለዚህ በዕቅዴ ላይ የመነሻው ቀን ባዶ ነው። መኪናው ይገኛል፤ የታጣው ያለ ሥጋት መሻገር ነው። የወላጆቼ ሠርገኞች ግን ሊማሊሞን እየዘፈኑ ነበር የወረዱት።