የፈረስ ሰው እግር፦ የክረምት ትዝብቶች

ስም ያለው ፈረስ

ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሶቻቸው ስም የተጠሩበት አገር ነው ያለን። ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲሰባሰቡ ልጓሙ፣ ኮርቻው፣ ግላሱ ሁሉ አጊጦ ይታያል። ፈረሱን ለዚያ ቀን ያደረሰው ሰው ግን፣ ጋጣ ጠርጎ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ ሰኮና አንስቶ ጠጠር የሚያወጣው ሰው፣ ክረምቱን ያሳለፈው ብዙ ጊዜ በነጠላ ጫማ ወይም በበረባሶ ነው። ፋንድያና ጭቃ በጣቶቹ መካከል እየወጣ ይውላል። ስለ ፈረስ ብዙ ተናግረናል፤ ከፈረሱ ጎን ስለሚቆመው እግር ግን የተናገርነው ጥቂት ነው።

ከጌታ እግር ወደ ገበሬ እግር

እንግሊዞች ዌሊንግተን የሚሉት ረጅም ቦት ጫማ እ.ኤ.አ. በ1815 ዋተርሉ ላይ ናፖሊዮንን ድል ባደረገው የጦር አዛዥ ስም ይጠራል። ያኔ ከቆዳ የሚሠራ የፈረሰኛ ጫማ ነበር፤ ውድም ነበር። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ የሚያጠነክርበትን መንገድ አገኘ። ሃይረም ሃቺንሰን የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1853 ፈረንሳይ ውስጥ ኤግል የተባለውን ፋብሪካ አቋቁሞ፣ በእንጨት ጫማ ጭቃ ይረግጡ ለነበሩ ገበሬዎች የጎማ ቦት አቀረበ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ውሃ በሞላው ምሽግ ቆመው የሚውሉ ወታደሮች እግራቸው ሲቆስልና ሲበሰብስ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ለሠራዊቱ ከአንድ ሚሊዮን ጥንድ በላይ የጎማ ቦት አሠራ። እርጥብ እግር ሠራዊትን ከጥቅም ውጭ እንደሚያደርግ የተማሩት በብዙ ሰው ስቃይ ነው። እኛ ይህን ትምህርት ለመቀበል ጦርነት አያስፈልገንም፤ አንድ የሐምሌ ጠዋት ጋሪ ተራ ሄዶ ማየት ይበቃል።

ቁሱን ሳይጠይቁ ዋጋውን

ቦት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ከምን እንደተሠራ ነው።

ርካሹ ቦት አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ስለሚፈስ ስፌት የለውም፤ አዲስ እያለ ውሃ አያስገባም። ድክመቱ ብርድ ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ፣ ውርጭ በሚጥልበት ጠዋት ይገትራል፤ እያደርም እግር በሚታጠፍበት መስመር ላይ ይሰነጠቃል። የተፈጥሮ ጎማ ብርድ ላይም ይለመጣል፤ እርጥብ ድንጋይ ላይም ቆንጥጦ ይይዛል። የእሱ ጠላቶች ፀሐይ፣ ዘይትና ቅባት ናቸው። ላዩ ላይ ነጭ ብናኝ ቢታይበት አልተበላሸም፤ ከራሱ ከጎማው ውስጥ የወጣ ስለሆነ በጨርቅ ይጠረጋል። ሦስተኛው ፖሊዩረቴን ነው። ቀላል ነው፣ ሙቀት ይይዛል፣ ፋንድያና ሽንትን ከፒቪሲ በተሻለ ይቋቋማል። ሆኖም እርጥበት ቀስ በቀስ ውስጡን ያፈርሰዋል፤ ሳይለበስ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የከረመ ከሆነ ሶሉ ሊፈረፈር ይችላል። ስለዚህ የተመረተበትን ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። የደኅንነት ደረጃ ባላቸው ቦቶች ላይ ወሩና ዓመቱ ታትሞ ይገኛል።

ሰኮና ሲያርፍ

ፈረስ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ዝም ብሎ ቆሞ እንኳ በአንዱ የፊት ሰኮናው ላይ 90 ኪሎ ያህል ያሳርፋል። ሲዞር ወይም ሲደነግጥ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። አይሶ 20345 የተባለው ዓለም አቀፍ የደኅንነት ጫማ ደረጃ፣ ብዙ ጊዜ ከብረት የሚሠራው የጣት መከላከያ የ200 ጁል ምት እንዲችል ያዛል፤ ይህም 20 ኪሎ ዕቃ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚያሳርፈው ምት ያህል ነው።

«ብረቱ ታጥፎ ጣት ይቆርጣል» የሚለው ፍርሃት በብዙ ሰው አፍ ይደጋገማል። ያንን ብረት ማጠፍ የሚችል ኃይል ብረት የሌለበትን ጣት ምን እንደሚያደርገው ግን የሚጠይቅ የለም። ብረት ያለው ይሻላል፤ በዚህ መጠራጠር አያስፈልግም። መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ብረቱ የሚሸፍነው ጣቶቹን ብቻ ነው። ሰኮና ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ከጣቶቹ ኋላ፣ በእግር መዳፍ ጀርባ ላይ ነው። እግርን ከሰኮና መንገድ ማራቅንና ፈረሱ ሲዞር አብሮ መዞርን የሚተካ ቦት የለም።

ሚስማርና መንጋጋ ቆልፍ

መንጋጋ ቆልፍን፣ ማለትም ቴታነስን፣ የሚያመጣው ተህዋስ በፈረስ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ በፋንድያው ይወጣል፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ጋጣና የጋሪ መጠገኛ ቦታ ደግሞ የወደቀ ሚስማር አያጣም። ፋንድያ የነካው ሚስማር ስስ ሶል አልፎ እግር ሲወጋ፣ ቁስሉ ከላይ ትንሽ ሆኖ ወደ ውስጥ ይጠልቃል። ተህዋሱ የሚፈልገው አየር የማይገባው ቦታ ይኸው ነው።

በደኅንነት ቦት ላይ «ኤስ 5» የሚል ምልክት ካለ ሙሉው ጫማ ከጎማ ወይም ከመሰል ቁስ የተሠራ፣ ጣቱ መከላከያ ያለው፣ ሶሉም ሚስማር እንዳያሳልፍ የተደረገ ነው ማለት ነው። «ኤስ 4» ሚስማር የሚከላከለው ንጣፍ የለውም። በሁለቱ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ለማዳን ብሎ ኤስ 4ን የሚመርጥ የጋጣ ሠራተኛ ቁጠባውን በተሳሳተ ቦታ አድርጎታል። ቦቱ ቢኖርም የቴታነስ ክትባት አይቀርም። ሚስማር የወጋው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ደሙ ቆመ ብሎ ቤት አይቀመጥ።

ቀይ አፈር

በደጋው ክፍል ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው እግሩ እያበጠ ሊመጣ ይችላል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ፣ ምክንያቱ ተህዋስ ሳይሆን በእግር ቆዳ የሚገቡ ረቂቅ የአፈር ማዕድናት መሆናቸውን አስረዳ። አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። ጎጃም ፈረስ የሚወደድበትም፣ ይህ እብጠት የሚታይበትም አገር ነው። ከፈረስ ኋላ በባዶ እግሩ የሚሮጥ የአሥር ዓመት ልጅ ያለው አባት ይህን ይወቅልኝ። የዛሬው ጫማ የሚያድነው የዛሬ ሃያ ዓመቱን እግር ነው።

ዋልካ

ቢሾፍቱ አካባቢ ጥቁር ዋልካ አፈር በዝናብ ጊዜ ቦትን ከእግር ላይ ነቅሎ ያስቀራል። ያኔ ቦቱ ውሃ ማስገባት አለማስገባቱ ዋጋ የለውም፤ ባለቤቱ በካልሲው ጭቃ ውስጥ ቆሟል። ስለዚህ ለዋልካ ቦት ሲመረጥ ተረከዙንና ቁርጭምጭሚቱን የሚይዝ መሆኑ ይታያል። ሲራመዱ ተረከዝ ከሶሉ ከተነሳ ሰፍቷል።

የሶሉ ጥርስም እንደ መሬቱ ነው። ለጭቃ ጥልቅና የተራራቀ ጥርስ ያስፈልጋል፤ የተጠጋጋ ከሆነ ጭቃው ይሞላውና ሶሉ ልሙጥ ይሆናል። ለኮብልስቶንና ውሃ ለተረጨ ሲሚንቶ ደግሞ መሬቱን በሰፊው የሚነካ ለስላሳ ጎማ ይሻላል። ሁለቱንም እኩል የሚያደርግ ሶል የለም። ቀኑን አብዛኛውን የሚረግጡት ምን እንደሆነ ለራስ መመለስ ያስፈልጋል።

እርካብ

የቀድሞው ፈረሰኛችን በባዶ እግሩ ነበር የሚቀመጠው፤ እርካቡም አውራ ጣት የምትገባበት ትንሽ ቀለበት ነበረች። እግሩም እርካቡም አንዱ ለሌላው የተሠሩ ነበሩ። ዛሬ እርካቡ ሰፍቷል፤ ጫማው ደግሞ ከእርካቡ በላይ ሰፍቷል። ጋጣ ሲጠርግ የዋለ ወጣት በዚያው ጥርሱ በጠለቀ ሰፊ ቦት ፈረስ ላይ ሲወጣ ማየት የተለመደ ነው። ቢወድቅ ቦቱ እርካቡ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ፈረሱም ይጎትተዋል። ለመጋለብ ሶሉ ልሙጥ፣ ተረከዙ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ስፋቱ ከእርካቡ በ2 ሳንቲሜትር ያህል የጠበበ ጫማ ያስፈልጋል። የሥራ ቦት ለሥራ ነው። የመጋለቢያ ጫማ መግዛት ያልቻለ በሥራ ቦት ከመጋለብ ፈረሱን እየሳበ ቢሄድ ይሻለዋል።

ከውስጥ የሚመጣ ውሃ

ውሃ የማያስገባ ቦት ላብም አያስወጣም። ቀኑን ሙሉ ቦት ውስጥ የዋለ እግር ዝናብ ባይነካውም ይረጥባል፤ በጣቶች መካከል ፈንገስ የሚራባው በዚህ ነው። የጥጥ ካልሲ ላቡን ጠጥቶ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። የሱፍ ካልሲ እርጥብ ሆኖ እንኳ ያሞቃል፤ መለዋወጫ ካልሲ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ማታ ቦቱ ውስጥ የተጨማደደ ጋዜጣ ቢከቱበት እርጥበቱን ይስባል። ምድጃ ዳር ማድረቅ ግን ጎማውን ያደርቀዋል፣ ማጣበቂያውንም ያላቅቃል። ሁለት ጥንድ እያፈራረቀ የሚጫማ ሰው አንድ ጥንድ በላይ በላዩ ከሚጨርስ ሰው ረጅም ጊዜ ይጠቀማል፤ ቦቱ መድረቂያ ጊዜ ያገኛልና።

ከጋጣ ወደ ጋጣ

ቦት የለባሹን እግር ይጠብቃል፤ የጎረቤትን ፈረስ ግን ሊያሳምም ይችላል። ከታመመ ፈረስ አፍንጫ የወጣ ንፍጥ፣ ከቁስሉ የወጣ መግል፣ ፋንድያው በሶሉ ጥርስ መካከል ተሸጉጦ ወደሚቀጥለው ጋጣ ይሄዳል። ብዙዎች በረኪና ረጭተው ይገባሉ። ጭቃና ፋንድያ እላዩ ላይ እያለ በረኪና ኃይሉ ይደክማል። መጀመሪያ በብሩሽና በውሃ ተፈግፍጎ ይጽዳ፤ ከዚያ በረኪናው ይቀጥል። የታመመው ፈረስ ሁልጊዜ በመጨረሻ ይጎብኝ።

ሱቁ ውስጥ

ወደ ማታ ግዙ፤ እግር ቀን ሲቆም ውሎ ትንሽ ያብጣልና። የሥራ ካልሲያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቦቱን እግር በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ደጋግማችሁ እጠፉት፤ ነጭ መስመር ካወጣ በዚያ ይሰነጠቃል። እጃችሁን ውስጥ ከታችሁ የሚሻክር ስፌት ፈልጉ። ቤት ስትደርሱ ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ወደ ውስጡ አብሩበት፤ ቀዳዳ ካለ ብርሃኑ ይናገራል።

የሴቶችና የልጆች ቁጥር ያለው የሥራ ቦት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። 36 የምትጫማ ልጅ 40 ተሰጥቷት ጋጣ ስትጠርግ ትደናቀፋለች፤ ፈረስ አጠገብ መደናቀፍ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። አስመጪዎች ትንንሽ ቁጥሮችንም ያምጡ። ገዢው አለ፤ በየደጋው ውሃ የምትቀዳውና ፈረስ የምትጠብቀው እሷ ናት።

ማን ይግዛው?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ ግዴታ ይጥልበታል። ፈረስ የሚያከራይ ድርጅት፣ የግልቢያ ትምህርት ቤት፣ የፈረስ ማርቢያ ይህን ማሟላት ያለበት ለበጎ አድራጎት ሳይሆን ሕግ ስለሆነ ነው። ጋሪውን በቀን ሒሳብ የሚነዳው ልጅ ግን አሠሪዬ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የለውም፤ ቦት ከራሱ የዕለት ገቢ ላይ ቀንሶ ካልገዛ የሚገዛለት የለም። የጋሪ ባለንብረቶች ማኅበራት፣ የእንስሳት ሐኪሞችና የቀበሌ ጤና ባለሙያዎች እዚህ ላይ ቢተባበሩ ብዙ ይሠራሉ። ፈረሱ ሊከተብ በሚመጣበት ቀን የነጂው እግርም ይታይ።

ፈረስ ያላችሁ ሰዎች ሆይ፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ፈረሳችሁን የሚጠብቀውን ሰው የእግር ቁጥር ጠይቁት። ሶሉ ሚስማር የማያሳልፍ፣ ጣቱ መከላከያ ያለው፣ በልኩ የሆነ ቦት ግዙለት፤ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲም ጨምሩበት። ለኮርቻው ጌጥ ያሰባችሁት ገንዘብ ካለ፣ ዘንድሮ መጀመሪያ ለዚህ ይዋል።