ይድረስ ለእማዬ፦ ስለ መድኃኒቶችሽ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

በስልክ «ግፊቴ ስለወረደ ኪኒኑን ተውኩት» ካልሽኝ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። መስመሩ እየተቆራረጠ አላስጨርስ ስላለን ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ቀኑን ሙሉ ፋርማሲ ቆሜ ለማላውቀው ሰው የማስረዳውን ለአንቺማ እንዴት አላስረዳ?

እማዬ፣ ግፊትሽ ከ170 ወደ 130 የወረደው በሽታው ለቆሽ ሳይሆን ያ ኪኒንሽ፣ ኢናላፕሪል፣ አውርዶት ነው። ሰውነታችን የደም ሥርን የሚያጠብና ጨውና ውኃ የሚያስቀር አንጂዮቴንሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራል። ጫፉን እንደጨመቁት የውኃ ጎማ ሁሉ፣ የደም ሥር ሲጠብ ግፊቱ ይጨምራል፤ ልብም ደሙን ለመግፋት ትለፋለች። ኢናላፕሪል ይህን ንጥረ ነገር የሚያዘጋጀውን ኢንዛይም ያግደዋል፤ ያኔ የደም ሥሩ ይላላል። የዋጥሽው ኪኒን ጉበትሽ ውስጥ ወደሚሠራው መልኩ ይለወጣል፣ ሥራውን ሲጨርስ በኩላሊት በኩል ከሽንት ጋር ይወጣል። ጉልበቱ ለአንድ ቀን ያህል ነው። የዛሬው ለዛሬ እንጂ ለነገ አይተርፍም። ስትተዪው ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ራስሽን ሳያምሽ፣ ሳያዞርሽም ልብሽን፣ ኩላሊትሽንና አንጎልሽን ይጎዳል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ዝምታው ነው።

የመድኃኒቱ መነሻም ይገርምሻል። ብራዚል ውስጥ ያለች አንዲት እፉኝት የነደፈችው ሰው ግፊቱ ክፉኛ ይወርዳል። ሰርጂዮ ፌሬራ የሚባል ብራዚላዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መርዟን መርምሮ መንገዱን ከፈተ። ሌሎች ከዚያ ተነሥተው ካፕቶፕሪልን ሠሩ፤ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኢናላፕሪል ከእሱ ቀጥሎ የመጣ ነው። አይዞሽ፣ ኪኒንሽ ውስጥ መርዝ የለም።

ያስቸገረሽ ደረቅ ሳልም ከዚሁ ከኢናላፕሪል ሊሆን ይችላል። የታገደው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር የሚያፈርስም ነበር፤ አሁን ያ ይከማችና ያስላል። እንዲህ ከሆነ ዝንጅብልና ማር አያቆመውም። ለሐኪሙ ንገሪው፤ እንደ ሎሳርታን ያለ እምብዛም የማያስል መድኃኒት አለ። ከንፈርሽ ወይም ፊትሽ ካበጠ ግን ኪኒኑን ሳትደግሚ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ።

«ማታ ሳልበላ አድሬ ጠዋት ስኳሬ ለምን ከፍ ይላል?» ብለሽኝም ነበር። ጉበት ሌሊቱን ሙሉ ስኳር እየሠራ ወደ ደም ይለቃል፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ከልክ ያልፋል። ለስኳርሽ የምትወስጂው ሜትፎርሚን ዋና ሥራው ይህን መቀነስ ነው፤ ሰውነትሽም ያለውን ኢንሱሊን በደንብ እንዲጠቀምበት ያግዛል። አንቺ በጤና አዳምና በዳማከሴ እንደምታምኚ አውቃለሁ፤ የሜትፎርሚንም ታሪክ የሚጀምረው ጋሌጋ ከምትባል የአውሮፓ ዕፅ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በ1957 እ.ኤ.አ. ለስኳር ሕመምተኞች እንደሚጠቅም አሳወቀ። ከምግብ ጋር ስትወስጂው ሆድሽን ብዙ አይረብሽሽም። ጾም ሲገባ ሰዓቱን በራስሽ አትቀያይሪ፤ አስቀድመሽ ከሐኪሙም ከነፍስ አባትሽም ጋር ተመካከሪ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ። ለጉልበትሽ እያስገዛሽ የምትውጪውን ዳይክሎፌናክ ተዪው። ሕመሙን የሚያስታግሰው ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው፤ ያ ንጥረ ነገር ግን ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳይቀንስ የሚጠብቅም ነው። ስለዚህ ግፊትሽን ይጨምራል፤ ከኢናላፕሪል ጋር ሲሆን ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ለጉልበትሽ ምን እንደሚሻልሽ ሐኪሙን ጠይቂ።

አሁን የምልሽ ይህን ነው፤ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂና ተለኪ፤ መድኃኒቱን ማቋረጥሽን፣ ሳሉንም፣ ዳይክሎፌናኩንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው፤ ኪኒኖቹን ከነማሸጊያቸው በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። የኩላሊት ምርመራም እንዲያዙልሽ ጠይቂ። ያሉሽን ማታ ደውለሽ ንገሪኝ። ገና ብዙ ዓመት እፈልግሻለሁ፣ እማዬ።

የምትወድሽና የምትሳሳልሽ ልጅሽ