ለዳቦም አብሲት

የገዛችሁት የሳንድዊች ዳቦ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ለምን እንደሚፈረፈር አስባችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን «ደረቀ» ብለን እናልፈዋለን። ግን እኮ ፌስታሉ እንደታሰረ ነው። ውሃው በየት በኩል ወጣ?

ዣን ባፕቲስት ቡሲንጎ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1852 ይህንኑ መርምሮ፣ ዳቦ ውሃውን ሳያጣም እንደሚያረጅ አሳይቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። ዳቦ ሲጋገር በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ከእሳት ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይኮማተራል። በእጃችን ስንነካው ደረቅ የሚለን ያ የተኮማተረው ስታርች ነው። መኮማተሩ ደግሞ በጣም የሚፈጥነው በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው። ስለዚህ ዳቦ እንዳይበላሽ ብላችሁ ፍሪጅ የምታስገቡ ከሆነ ከሻጋታ ታዘገዩት ይሆናል እንጂ እርጅናውን እያፋጠናችሁት ነው።

ይህ እውቀት ለእኔ ቤት ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ።

እኛ ቤት ጥርስ የጎደላቸው ሁለት ሰዎች አሉ። አንዷ ልጄ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። በምሳ ዕቃዋ የላክሁላት ሳንድዊች ዙሪያውን ተልሶ፣ መሐሉ ተቦርቡሮ ይመለሳል። የእሷ ጥርስ ይበቅላል። ሁለተኛዋ የባለቤቴ እናት ናቸው። እማማ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ቁርስ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላሉ፦ «ጠዋት ጠዋት እህል አይበላልኝም።» እኔም የዕድሜ ነገር ነው ብዬ ነበር። አንድ ቀን ግን ልጆቹ ከገበታ ሲነሱ የዳቦውን ለስላሳ መሐል ቆንጥረው ሻይ ውስጥ ሲነክሩ አየኋቸው። ቅርፊቱን ሶፍት ጠቅልለውበታል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠርቶላቸዋል፤ «ባዕድ ነገር አፌ ውስጥ አልለምድም» ብለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። አማትን «ጥርስዎ እምቢ ብሎ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንዴት ይሆናል? አልጠየቅሁም። ዳቦውን መለወጥ ይሻላል አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጥራ። ቤት ውስጥ የምጋግረው «የፋብሪካ ዳቦ ኬሚካል አለው» ብዬ አይደለም። ያ ወሬ ሰልችቶኛል። ዳቦን ቆርጦ የመሸጥ ሥራ አሜሪካ ውስጥ ሚዙሪ ግዛት፣ ቺሊኮቲ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲጀመር ጀምሮ ኢንዱስትሪው የሚታገለው ከዚሁ ከእርጅና ጋር ነው፤ የተቆረጠ ዳቦ ቶሎ ይደርቃልና። ልስላሴውን ለማቆየት የሚጨምሯቸው ነገሮች አብዛኞቹ በሥራ ላይ ረጅም ዘመን የቆዩ ናቸው። የእኔ ችግር ሌላ ነው። እማማ ጿሚ ናቸው። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾሙን ከነ 55 ቀኑ፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን አይለቁም። ለስላሳ የሚባለው የቤት ዳቦ ደግሞ የምግብ አሠራር መጽሐፉ ሁሉ «ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል» እያለ ነው የሚጀምረው። ዓመቱን በሙሉ ስትደምሩት እሳቸው ያን ዳቦ የሚበሉት በግማሽ ገደማው ቀን ነው። ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የሚለሰልስ ዳቦ ያስፈልገኝ ነበር።

መልሱ የመጣው ከሩቅ ምሥራቅ ነው። ቻይናውያን «ታንግዦንግ» ይሉታል፤ የጃፓኖቹ «ዩዳኔ»ም ለእሱ የቀረበ ነው። ከዱቄቱ ጥቂቱን ወስዶ፣ በውሃ በጥብጦ፣ እሳት ላይ አብስሎ ከቀሪው ሊጥ ጋር ማቡካት ነው። ስታርቹ ወደ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ አብጦ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል። በጥሬው ዱቄት ላይ ያን ያህል ውሃ ብትጨምሩ ሊጡ እጃችሁ ላይ ይጣበቅና መከራ ያሳያችኋል፤ በበሰለው ውስጥ ሲገባ ግን ሊጡ አይፈስም፣ ዳቦውም ያን ውሃ ይዞት ይጋገራል። እርጅናውም ይዘገያል።

ይህን እያማሰልኩ እማማ ማዕድ ቤት ገቡ።

«ምንድን ነው የምታማስዪው?»

«ዱቄት በውሃ ነው፣ እማማ። ለዳቦው።»

ድስቱ ውስጥ አየት አደረጉና ሳቁ። «አብሲት ነዋ! ለስንዴም አብሲት ይጣላል እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። እንጀራ የምትጋግሩ ታውቁታላችሁ፦ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ከላይ የቀረረው ውሃ ይደፋና ከሊጡ ጥቂቱ ተወስዶ በፈላ ውሃ ይበስላል፤ በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል፤ ሊጡ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ግሉተን የለውም፤ የበሰለው አብሲት ነው ሊጡን የሚያያይዘው፣ እንጀራውንም የሚያለሰልሰው። ያለ አብሲት የተጋገረ እንጀራ ቶሎ እንደሚደርቅ እማማ የሚያውቁት ከእኔ መጽሐፍ በፊት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማማሰያው በእሳቸው እጅ ነው። ቤታችን ከመጡ ጀምሮ «እርስዎ ይረፉ» እየተባሉ ሥራ የተነፈጉ ሴትዮ ናቸው። አሁን ቅዳሜ ጠዋት እኔ ሚዛን ላይ ዱቄት ስመዝን እሳቸው እሳቱን ይቆጣጠራሉ። ቴርሞሜትሩን አሳየኋቸው፤ «እሱን ለአንቺ» አሉኝ። የእሳቸው መለኪያ ከአጥሚት ወፈር፣ ከገንፎ ቀጠን ያለ ነው፤ ማማሰያው ሲያልፍ የድስቱ ታች ለአፍታ ከታየ በቅቷል። ደጋግሜ በቴርሞሜትር አመሳከርኩት፤ ልክ ናቸው።

እንግዲህ መጠኑን ያዙ። ርዝመቱ 23፣ ስፋቱ 13 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን የዳቦ መጋገሪያ ቆርቆሮ በጠቅላላ 400 ግራም ነጭ የፉርኖ ዱቄት ይበቃል። ለአብሲቱ ከዚያ ላይ 25 ግራም ወስዳችሁ በ125 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጓጉል በጥብጡትና በመካከለኛ እሳት እያማሰላችሁ አብስሉት። እጅ የማያቃጥል እስኪሆን አቀዝቅዙት፤ ትኩሱን ካፈሰሳችሁ እርሾውን ትገድሉታላችሁ። ቀሪው 375 ግራም ዱቄት ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨውና 5 ግራም ደረቅ ፈጣን እርሾ ጨምሩ። ከዚያ አብሲቱን፣ 145 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ውሃውን ግን በአንድ ጊዜ አትገልብጡት፤ የገበያችን ዱቄት ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው ይለያያል፣ አንዱ የጠጣውን ሌላው አይጠጣም። የጾም ካልሆነ በውሃው ምትክ ትንሽ አብልጣችሁ ወተት፣ በዘይቱ ምትክ 40 ግራም የገበታ ቅቤ አድርጉ። የወጥ ቅቤያችሁን ለወጡ ተዉት።

ማሸቱ ላይ አትቸኩሉ። በእጅ ከሆነ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። መጀመሪያ ይጣበቃል፤ ዱቄት እየነሰነሳችሁ አትሽሹት፣ የነሰነሳችሁት ዱቄት ልስላሴውን ይበላዋል። ከሊጡ ቆንጥራችሁ በጣቶቻችሁ ስትወጥሩት ሳይበጠስ ሣስቶ፣ እንደ ነጠላ ብርሃን ካሳለፈ ደርሷል። ልጄ በጣም የምትወደው ይህን ፈተና ነው፤ በሊጡ ውስጥ እኔን ለማየት ትሞክራለች።

ቀጥሎ ያለው የውጭ መጽሐፍ የማይነግራችሁ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ቀላል ስለሆነ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ በቀላሉ ይለጠጣል፤ ሊጡ ፈጥኖ ይነሳል፣ ከልክ ካለፈም ምድጃ ውስጥ ይወድቃል። ለዚህ ነው እርሾውን 5 ግራም ያልኳችሁ። መጽሐፉ «አንድ ሰዓት ተኩል» ቢልም ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እዩ፤ እጥፍ ሲሆን በቃው። በክረምት ብርድ ደግሞ ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ አዳማና ሐዋሳ ያላችሁ ከእኛ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ቦታ ላይ ናችሁና የራሳችሁን ልክ ታገኛላችሁ።

ኩፍ ያለውን ሊጥ በእጃችሁ ተጭናችሁ አየሩን አውጡ፣ በመዳመጫ በቆርቆሮው ርዝመት ልክ ዳምጡት፣ እንደ ሰሌን ጠቅልላችሁ መጋጠሚያውን ወደ ታች አድርጋችሁ ዘይት በተቀባው ቆርቆሮ ውስጥ አስተኙት። ከጠርዙ አንድ ጣት ያህል ከፍ ሲል በ180 ዲግሪ በሞቀ ኦቭን ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋገራል።

ቴርሞሜትር ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። የውጭ መጽሐፎች የዳቦው ውስጥ 95 ወይም 96 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁ ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እርጥብ ዳቦ ከዚያ እምብዛም አያልፍም። 96ን የምትጠብቁ ከሆነ ዳቦው እስኪደርቅ ድረስ እየጠበቃችሁ ነው። 90 አካባቢ ሲደርስ አውጡት።

መብራትስ? ሊጡ እየተነሳ ሳለ ቢጠፋ ችግር የለም፤ ተጭናችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩት፣ እንደገና ይነሳል። ኦቭን ውስጥ ከገባ በኋላ ከጠፋ በሩን አትክፈቱ። ሙቀቱ ወዲያው አይጠፋም፤ መጨረሻው ላይ ከሆነ በዚያው ይበስላል። መጀመሪያው ላይ ከሆነ ግን ለዳቦ ፍርፋሪ የሚሆን ነገር አግኝታችኋል።

ቅርፊቱ ጥርስ ለሌለው ሰው ዋናው ነገር ነው። ዳቦው እንደወጣ ከቆርቆሮው ገልብጡት፣ አናቱን ዘይት ቀቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ከውስጥ የሚወጣው እንፋሎት ቅርፊቱን ያለዝበዋል። ከዚያ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አትንኩት። ሽታው እንደሚፈትን አውቃለሁ። ትኩስ ሳለ ከተቆረጠ ይሟሽሻል፤ ሲበርድ ጥርስ ባለው ቢላ ሳትጫኑ እየገፋችሁና እየሳባችሁ ቁረጡት።

ስሌቱንም አልደብቃችሁም። የቅዳሜ ጠዋትን ይወስዳል፤ ዘይቱና መብራቱ ሲታሰብ ከሱቁ ያን ያህል አይረክስም። የማገኘው ትርፍ ሌላ ነው። እማማ ቁርስ ላይ ሁለት ቁራጭ ይበላሉ፤ ማርማላታ የተቀባ፣ ሻይ ሳይነኩበት፣ ከልጆቹ ጋር እኩል ተቀምጠው። «እህል አይበላልኝም» የሚለውን ከሰማሁ ቆየሁ። ስለ ጥርሳቸው እስከ ዛሬ አላወራንም።

ሦስት ቀን ያህል በፌስታል ተጠቅልሎ ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል። ከዚያ የሚተርፍ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፤ የፍሪዘር ብርድ እርጅናውን ያቆመዋል፣ የሚያፋጥነው የፍሪጁ ነው። ጠዋት ከፍሪዘር በቀጥታ ወደ መጥበሻ ወይም ቶስተር ማስገባት ይቻላል።

ጫፍና ጫፉ ግን የእኔ ነው። በዘይትና በበርበሬ አሻሸዋለሁ፣ መጥበሻ ላይ አደርቀዋለሁ፣ ከቡና ጋር እየቆረጠምኩ እቀመጣለሁ። የእኔ ጥርስ ገና ደህና ነው።