«ሲሉ ሰምቼ ነው»

ለሐሜት የሚሆን ቋንቋ መቼም አልቸገረንም። «አሉ» እንላለን፤ «ሲባል ሰማሁ» እንላለን፤ «ከእኔ አፍ አይውጣ እንጂ» ብለን ከራሳችው አፍ እናወጣዋለን። ተናጋሪው በእነዚህ ቃላት የተጠለለ ይመስለዋል። ሕጉ ግን ይህን ጥላ አልዘረጋለትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2044 ጀምሮ ስለ ስም ማጥፋት ሲደነግግ፣ በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ ነገር በመናገር ስሙንና የወደፊት ኑሮውን አደጋ ላይ መጣልን ጥፋት ይለዋል። «ክፉ አስቤ አይደለም» ማለትም ብቻውን አያድንም።

ይህን መጽሐፍ ያስገለጡኝ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው። አንድ ጎረቤታችን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ካርታውን እየበወዘ፣ «ሰውዬው የእድሩን ብር በላው አሉ» አለ። ሒሳቡ ተመረመረ፤ የጎደለ ሳንቲም አልተገኘም። ወሬው ግን ምርመራውን መች ጠበቀ! ለሽማግሌው ሃያ ዓመት ሙሉ ዱቤ ሲሰጥ የኖረ ባለሱቅ እንኳ «ዛሬስ በእጅ በእጅ ቢሆን» ማለት ጀመረ።

«ሒሳቡ ይመርመርልን» ማለት የማንኛውም አባል መብት ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ። የተናገረው እውነት መሆኑን የሚያስረዳም ሰው፣ ለመጉዳት ብቻ ብሎ ካልተናገረው በቀር፣ ሕጉ አይነካውም። «በላ» ብሎ ማስረጃ ሲጠየቅ ወደ «አሉ» የሚሸሸው ነው ችግሩ።

ሽማግሌው «ስንት ያስፈርዳል፣ ልጄ?» አሉኝ። አንቀጽ 2116ን አነበብኩላቸው፤ የኅሊና ጉዳት ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በመገናኛ ብዙኃን ለሚጠፋ ስም የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ጣሪያውን እስከ 100,000 ብር አድርሶት ነበር፤ የድንኳን ወሬ ግን ያው በ1,000ው ነው። ዛሬ ይህ ገንዘብ ክሱን ለሚጽፍልዎት ሰው እንኳ አይበቃም።

ሳቁ። የፈለጉት ገንዘቡን ሳይሆን ቃሉ እንዲመለስላቸው ነበር። እርሱም አለ፤ በአንቀጽ 2120 ዳኛው የስም ማጥፋቱን ውጤት የሚያስወግድ ማስታወቂያ በተከሳሹ ኪሳራ እንዲወጣ ማዘዝ ይችላል።

«የት ይለጠፋል?» አሉኝ።

«በእድሩ ሰሌዳ ላይ» አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡና፣ «ባለሱቁ እኮ የእድራችን አባል አይደለም» አሉ።